ከሴፕታ ጋር የምትኖረው ሴት

ከደቡቡ ከተማ ከማሎው ወደ ደብሊን የሚሄደው ባቡር ዋናው ጣቢያ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በሰፈሬ በኢንቺኮር ያልፋል። ያልፋል እንጂ አይቆምም። ሰፈሩን ከባዶ ሜዳ ያነሳው ባቡር ነው። ቤቶቹን ያሠራ፣ አባቶቻችንን የቀጠረ፣ ቤተ መጻሕፍቱንና መጨፈሪያ አዳራሹን ያቆመ እሱ ነው፤ ለኛ ግን ጣቢያ አልሠራልንም። ስለዚህ የዚያን ቀን የተወለድኩበትን ቤት ጭስ ማውጫ በመስኮት አይቼ አለፍኩና ዋናው ጣቢያ ወርጄ በአውቶቡስ ወደ ኋላ ተመለስኩ። አባቴ በዚህ ሲቀልድ "ዳቦ ጋጋሪ ቤት ተወልዶ ጦም ማደር ይሏል ይሄ ነው" ይል ነበር።

የሄድኩት ሴፕታን ልጠይቅ ነው። ሙሉ ስሟ ኮንሴፕታ ብሮፊ ነው፤ በዚያ ስም የሚጠራት ግን ቄሱ ብቻ ነበር። ባሌ ታይግ አልጋ ይዞ በነበረባቸው ዓመታት ከማሎው ንቅንቅ አላልኩም። ከሞተም በኋላ እግሬ ቤት ለመደ። ከሴፕታ ጋር በስልክ ብቻ እንገናኝ ነበር። አንድ ቀን ደውላ፣

"ዲምፕና፣ ነይ እስቲ። የማስተዋውቅሽ ሰው አለ" አለችኝ።

"ወንድ ነው?"

"በዚህ ዕድሜዬ ወንድ ምን ያደርግልኛል? ነይና ታያለሽ" ብላ ዘጋችው።

ሴፕታና እኔ ግድግዳ ተጋርተን ነው ያደግነው። የባቡር ሠራተኛ ቤቶች ሁሉ እንደተጣበቁ ናቸው፤ ቀይ ጡብ፣ ጠባብ ደጅ፣ ከኋላ የልብስ ማስጫ ገመድ። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ የሴፕታ አባት ሲያስነጥሱ እናቴ ከኛ ማድ ቤት ሆና "ይማርህ ማላኪ" ትል ነበር። እሳቸው ግን አይሰሙም። ማላኪ ብሮፊ የእንፋሎት ባቡር ሆድ ውስጥ ገብተው ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ጆሯቸው በዚያው ደነቆረ። ሚስታቸው ቀድማ ስለሞተችና ወንዶቹ ልጆቻቸው ስለተበተኑ ቤት የቀረችው ሴፕታ ብቻ ናት። ለእሳቸው አንድ ነገር ለመንገር መጮኽ ግድ ነበር፤ ስለዚህ የብሮፊ ቤት ምሥጢር የመንገዱ ሁሉ ምሥጢር ነው። እራት ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳመመው፣ የማን ጫማ እንደተቀደደ ሳንጠይቅ እናውቃለን።

ትምህርት ቤት እንደጨረስን ሁለታችንም አባቶቻችን በሚሠሩበት የባቡር ፋብሪካ ውስጥ የባቡር ወንበር ልብስ የሚሰፋበት ክፍል ገባን። የስፌት መኪናዎቻችን ጎን ለጎን ነበሩ። ሎርካን ቲርኒ እዚያው ግቢ ሞተር ገጣጣሚ ነበር። በሆነ ባልሆነው ሰበብ ወደ ክፍላችን ይመጣል፤ አንድ ቀን መርፌ፣ ሌላ ቀን ክር፣ ሌላ ቀን የዘይት መጥረጊያ ጨርቅ ይለምናል። አለቃችን የነበሩት ሴትዮ፣

"ይሄ ልጅ ባቡሩን በክር ነው እንዴ የሚገጥመው?" ይሉ ነበር።

አንድ የበጋ እሑድ ሠራተኛው ሁሉ በነጻ ባቡር ብሬይ ባሕር ዳር ወረደ። ሎርካን እዚያ ጠጠሩ ላይ ተቀምጦ አግቢኝ አላት። ሴፕታም እሺ አለች፤ ግን "አባዬን ልቅበርና" አለች። ነገሩ ጭካኔ አልነበረም። ማላኪ ያን ጊዜ ልባቸውን ያማቸው ነበር፤ ሐኪሙም ብዙ አይቆዩም ብሎ ነበር። ለቀሩት ጥቂት ጊዜ አባቷን ሌላ ሰው ላይ ልትጥል አልፈለገችም። ሎርካንም ደግ ልጅ ስለነበረ፣ "እሺ፣ እጠብቃለሁ" አላት።

ማላኪ አልሞቱም። አንድ ክረምት አለፈ፤ ሌላም አለፈ። ይልቁንስ ሐኪሙ ድንገት ሞተና ማላኪ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ቀብሩ ላይ ተገኙ።

በዚያ መካከል የእንፋሎት ባቡር ቀረ። በናፍጣ የሚሄደው ብዙ እጅ አይፈልግምና ወንዶቹ አንድ በአንድ መርከብ እየተሳፈሩ ወደ እንግሊዝ ጎረፉ። ሎርካን ክሩ በሚባል የባቡር ከተማ ሥራ አገኘ። አንድ ምሽት ወደ ብሮፊ ቤት ገብቶ ከማላኪ ፊት ቆመና መጮኽ ጀመረ። እኛ ከግድግዳው ወዲህ እራት እየበላን ነበር፤ አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ልጅዎን ልውሰድ ነው የምለው!"

"ምን?"

"እንግሊዝ! ሴፕታን! እርስዎንም ይዘን እንሂድ!"

"እንግሊዝ አገር ሄጄ ልሞት?"

"እዚህስ መቼ ሞቱ?"

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። 

ሎርካን የሄደ ቀን ሴፕታ ወደብ አልወረደችም። ከጎኔ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ዋለች። የማታው የሥራ መውጫ ጡሩምባ ሲነፋ አየሁት፤ የሰፋችው ሁሉ በተገላቢጦሹ ነበር፤ የጨርቁ ፊት ወደ ውስጥ ገብቶ። አለቃችን አንሥተው አገላብጠው አዩት፤ አጣጥፈው ይዘውት ሄዱ።

በዓመቱ እኔ ታይግን አገባሁና ወደ ማሎው ሄድኩ። ልነግራት ስሄድ ሴፕታ ሰሃን እያጠበች ነበር። ዞር ብላ አየችኝና፣

"አንቺም?" አለችኝ።

 ሠርጌ ላይ ከሁሉ በላይ የጨፈረችው ግን እሷ ናት።

ማላኪ ብሮፊ ዘጠና ዓመት አልፏቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። ሴፕታ ያን ጊዜ ፀጉሯ ሸብቷል። አርባቸው ሲወጣ ሻንጣዋን ይዛ መርከብ ተሳፈረች። ለማንም አልተናገረችም፤ እኔም የሰማሁት ስትመለስ ማሎው መጥታ ማድ ቤቴ ውስጥ ተቀምጣ ስትነግረኝ ነው።

ክሩ ስትደርስ ተሳስታ ወደ ቤቷ የተመለሰች መሰላት። ያው ቀይ ጡብ፣ ያው ጠባብ ደጅ፣ ያው የልብስ ገመድ። እዚያ ሠርቶ የተመለሰ አንድ የሰፈራችን ሰው የነገራትን ቤት ፈልጋ አንኳኳች። እጇ በዱቄት የተለወሰ ሴት ከፈተችላት።

"ሎርካን ቲርኒ እዚህ ነው የሚኖረው?" አለች ሴፕታ።

"አነጋገርዎ እንደሱ ነው" አለች ሴትዮዋ። ላይ ታች አየቻትና፣ "ሴፕታ የሚሉት እርስዎን ነው እንዴ?"

"በምን አወቁኝ?"

"ባሌ በእንቅልፉ ያወራል። እኔ ሜቶዲስት ነኝ፣ ቅዱሳን አንለምንም፤ እሱ ካቶሊክ። ይህን ሁሉ ዓመት ስምዎን ሲጠራ ስሰማ የሚማጸናት ቅድስት መስላኝ ነበር። ይግቡ፤ ብርድ ነው።"

ሴትዮዋ ዊኒፍሬድ ትባላለች። ሻይ ቀዳችላትና ወደ ሊጧ ተመለሰች፤ ሴፕታም ሥራ ፈትታ መቀመጥ አትችልምና ፖም ትቆርጥላት ጀመር። ልጅ አልነበራቸውም። ስለ ዱቄት ዋጋና ስለ ጉልበት ሕመም እያወሩ ቆዩ። ሲመሽ ሎርካን ከሥራ ገባ። በሩ ላይ ቆመ። ራሰ በራ ሆኗል፣ ትከሻው ጎብጧል። ቆቡን አወለቀ።

"ሴፕታ" አለ። ከዚያ፣ "አባትሽ ሞቱ እንዴ?"

"ሞቱ።"

"ነፍስ ይማር" አለና ተቀመጠ።

ሦስቱም እራት በሉ። ጠዋት ሎርካን ወደ ሥራ፣ ሴፕታ ወደ መርከቧ ሄዱ። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እሷ እንዲያውም ተቆጥታ፣ "ሻይሽ በረደ" አለችኝ።

እንግዲህ ያን ቀን ኢንቺኮር ስደርስ የማውቀው እስከዚህ ድረስ ነበር። ከአውቶቡስ ወርጄ በፋብሪካው ግንብ ጥግ ወደ መንደራችን ገባሁ። የኛ ቤት በር ሰማያዊ ተቀብቷል፤ በመስኮቱ የማላውቀው ድመት ያየኛል። የሴፕታን በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ሴፕታ አልነበረችም። አጠር ያለች፣ ነጭ ፀጉሯን በወንድ አቆራረጥ የተቆረጠች አሮጊት ናት።

"ዲምፕና ነዎት አይደል? ይግቡ፣ ይግቡ። ሴፕታ ድንች እየላጠች ነው። እኔ ስልጥ ወፍራም አድርገሽ ትልጫለሽ ብላ ቢላዋውን ነጠቀችኝ።"

አነጋገሯ የእንግሊዝ ነው። ሴፕታ ከማድ ቤት ቢላዋ እንደያዘች ብቅ አለች፤ ቀጥናለች፣ ፈገግታዋ ግን ያው ነው።

"ዊኒ ናት" አለች። "የሎርካን ሚስት።"

ካፖርቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ።

"አየሽ፣ አላልኩሽም?" አለቻት ሴፕታ ለዊኒ። "ትደነግጣለች ብዬሽ ነበር።"

"ማን አይደነግጥም? እኔም ጠዋት ስነሳ አንዳንዴ እደነግጣለሁ" አለች ዊኒ።

ሎርካን ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር። ሲሞት ዊኒ መጀመሪያ የደወለችው ለሴፕታ ነው። ሁለቱ ለካ በየገና በዓሉ ይደዋወሉ ኖሯል፤ ሎርካን ስልኩን አይነካም፤ ከወዲያ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ብቻ ይሰማል። ዊኒ ለሁለት ሳምንት ብላ መጣች። ከዚያ ጉልበቷ አመማት፤ ከዚያ ዝናብ ሆነ፤ ከዚያ ማንም ስለ መመለስ አላነሳም።

ምሳው ኮድል ነበር፤ ቋሊማና ያሳማ ሥጋ ከድንችና ከሽንኩርት ጋር በውሃ የሚቀቀልበት የደብሊን ወጥ። ዊኒ ሳህኗን አየችና ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"እርስዎ ይፍረዱኝ፤ ቋሊማ ይጠበሳል እንጂ ይቀቀላል? ይዩት እስቲ፣ ገላውን ታጥቦ የወጣ ሕፃን ይመስላል።"

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትበይው አልሞትሽም" አለች ሴፕታ።

"አባትሽም አልሞቱም ነበር። የዚህ ቤት ምግብ ሰው አይገድልም፤ አይለቅም እንጂ።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ዐይኔ ምድጃው አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ነበር። ልጅ ሆኜ፣ ኮረዳ ሆኜ፣ አግብቼም ለጥየቃ ስመጣ የምቀመጠው እሷ ላይ ነው። አሁን የዊኒ የሹራብ ሥራ ተከምሮባታል። ዊኒ ዐይኔን አይታ ልታነሳው ተነሳች። "ይቅር፣ ይቅር፣ እዚህ ይመቸኛል" አልኩ፤ አልተመቸኝም።

"ሎርካን ሽንኩርት አይወድም ነበር" አለች ሴፕታ ወጡን እያማሰለች።

"ማን? ሎርካን? በጆንያ ይበላ ነበር እንጂ!"

"በፍጹም። ሽታውን ከሩቅ ሰምቶ ይሸሽ ነበር። ዲምፕና ምስክሬ ናት።"

"እውነቷን ነው" አልኩ።

ዊኒ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ቅር ያላት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ደስ ብሏት ነው። "እንዴት ይሸሽ ነበር? ንገሪኝ እስቲ" አለች። ሴፕታም ሎርካን አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ ከማድ ቤት ሲወጣ እየተነሳች አሳየቻት። ዊኒ ልክ እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ አየቻት። ከዚያ ተራዋን ተቀብላ፣ ሎርካን ሸምግሎ ጥሬ ሽንኩርት በዳቦ ሲበላ፣ ዐይኑ እያነባ "ናፍቆት ነው" እያለ ሲያሾፍባት አወራች። ሴፕታም በተራዋ አፏን ከፍታ ሰማች።

ከምሳ በኋላ ዊኒ ጋደም ስትል ሴፕታና እኔ ወጣ አልን። ከሐዲዱ በላይ ወዳለው ድልድይ በዝግታ ሄድን። ጡሩምባው ከቀረ ቆይቷል። የፋብሪካው በር ላይ ጥቂት ወጣቶች ቆመው ስልካቸውን ያያሉ። ያኔ እኮ ያ በር ሲከፈት ሰው እንደ ወንዝ ይፈስ ነበር፤ ብስክሌቱ፣ ጭሱ፣ ሳሙናና ቅባት የተቀላቀለበት የአባቶቻችን ሽታ። አፍንጫዬ ፈለገው፤ የለም።

"አትቀኚባትም?" አልኳት።

"በዊኒ? ቀንቼ ጨርሻለሁ።" ድልድዩ ላይ ቆመን ብረቱን ያዘች። "ክሩ የሄድኩ ጊዜም የቀናሁት በሷ አልነበረም። ከበሩ ኋላ የሱ ካፖርት ተሰቅሎ ነበር። አንድ ኪሱ ተቀዷል። በዚያ ካፖርት ነው የቀናሁት። አንድ ሰው ሥራ ሲሄድና ሲመለስ፣ ሲሰቅለውና ሲያወርደው፤ እኔ ያን ሁሉ አላየሁም። እሷ አይታለች። አሁን ትነግረኛለች። እሷ ደግሞ ወጣቱን ሎርካን አታውቀውም፤ እሱን እኔ እነግራታለሁ። ሌላ ምን እናውራ?"

ከታች የጭነት ባቡር አለፈ። 

"አባትሽን ግን አልጠላሻቸውም?"

"ጠልቻቸው አውቃለሁ። ደንቆሮ ናቸው ብዬ እፊታቸው የማልለው ነገር አልነበረም። ሻይ ስቀዳ፣ አልጋ ሳነጥፍ፣ 'መቼ ይሆን የሚገላግሉኝ' እላለሁ፤ እሳቸው ፈገግ ብለው ያዩኛል። አንድ ጠዋት ሻዩን ሳቀብላቸው እጄን ያዙና፣ 'ልጄ፣ ይቅር በይኝ፤ እስካሁን አልሞትኩም' አሉኝ። ከንፈሬን ያነብቡ ኖሯል፣ ዲምፕና። ስንት ዘመን!"

"ምን አልሻቸው?"

"እንዳልሰማ ሆንኩ። እንደሳቸው ጆሮዬን ቀስሬ 'ምን?' አልኳቸው። ደግመው አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልወጣኝም። ሲሞቱ የጎዳኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የምጮኽለት ሰው አጣሁ። ቤቱ ጭር አለ።"

 ከዚያ በጎን አየችኝና፣

"የምትቀኚውስ አንቺ ነሽ" አለችኝ።

"እኔ?"

"በርጩማዋን ስታዪያት አይቼሻለሁ።"

"ሹራብ ከምራባት እኮ!" አልኩ፤ ሳላስበው ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነ። ሴፕታ ብረቱን እንደያዘች ከት ብላ ሳቀች። ክንዴን በክንዷ ቆልፋ ወደ ቤት መለሰችኝ፤ እንደ ድሮው፣ ከሥራ ስንወጣ እንደምንሄደው።

የዚያን ቀን ልሄድ ስነሳ ዊኒ አውቶቡሱ ድረስ በዱላ እያነከሰች ወጣች። "በበጋ ተመለሺ" አለችኝ፤ አንቱታው መቼ እንደቀረ አላስተዋልኩም። "የአባቷ ክፍል ባዶ ነው። ቋሊማ በድብቅ እጠብስልሻለሁ።" በበጋ ተመለስኩ፤ ከዚያም በየጊዜው። ከዊኒ ጋር ካርታ እንጫወት ነበር፤ ታጭበረብራለች።

ሦስተኛው በጋ ሳይደርስ ሴፕታ ደወለች። ዊኒ በጉንፋን ጀምሯት ሳንባዋ ላይ ወርዶ አርፋለች።

"ወደ ባሏ እወስዳታለሁ። ብቻዬን አልችልም፤ ነይ" አለችኝ።

ከሬሳዋ ጋር መርከብ ተሳፈርን። ባሕሩ ረጭ ብሎ ነበር። ክሩ ላይ የቀበርናት የዊኒ የእህት ልጆችና እኛ ብቻ ነን። ከሎርካን ጎን የተተወላት ቦታ ነበር፤ ድንጋዩም ላይ ለስሟ ባዶ ስፍራ ተትቶላታል። ሌላ ስም ግን አይገባበትም። ሴፕታ ድንጋዩን ቆማ አየችው፣ ጓንቷን አውልቃ ጠርዙን በእጇ ነካችው፣ መልሳ አጠለቀች።

ወደ መርከቡ የሚወስደን ባቡር ዘግይቶ ነበር። ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን የዊኒ የእህት ልጆች የቋጠሩልንን ዳቦ ፈታን። ሴፕታ ሳትበላ ይዛው ቆየች።

"አሁን ከሎርካን የቀረኝ ግማሹ ብቻ ነው" አለች። "ሌላውን ግማሽ ይዛው ሄደች። ሁሉን አልጨረሰችልኝም እኮ። ቀን አለን ብለን።"

"እኔም አውቀው ነበር" አልኩ።

"ምን ታውቂያለሽ?"

"አዳራሹ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ሲያስጨፍረኝ እግሬን ረግጦ ጥፍሬን አወለቀው። ሳምንት ሙሉ አነከስኩ። ላንቺ ደረጃ ላይ ወደቅሁ አልኩሽ።"

ዞር ብላ አየችኝ። "ለምን ደበቅሽኝ?"

"እሱ ነው የለመነኝ። 'መጨፈር እንደማልችል ለሴፕታ እንዳትነግሪያት፤ እስካገባት ልማር' ብሎ።"

ሴፕታ ዳቦውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አቀርቅራ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ መጀመሪያ ሳቅ መሰለኝ፣ ቀጥሎ አልመሰለኝም። መሀረብ አውጥቼ ሰጠኋት። ፊቷን ጠራርጋ ቀና ስትል ዐይኗ ቀልቶ ነበር።

"ሌላስ?" አለችኝ።